ምን ይወጣል፣ ምን ይቀራል? የማህፀን ቀዶ ሕክምናዎች ትውውቅ

በትልልቅ ሆስፒታሎች የማህፀንና ጽንስ ክፍል ውስጥ የዕለቱ የኦፕራሲዮን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የታካሚዋ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የበሽታው ስም፣ የሚሠራላት ኦፕራሲዮን። ዝርዝሩን ላስተዋለ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል። አንድ ዓይነት በሽታ ያለባቸው ሁለት ሴቶች የተለያየ ኦፕራሲዮን ሊጻፍላቸው ይችላል፤ የ29 ዓመቷ ማዮማ የተባለው የማህፀን እጢ ብቻ ተነቅሎ ማህፀኗ ይቀራል፣ የ48 ዓመቷ ማዮማው ከነማህፀኑ ይወጣል። ተቃራኒውም አለ። «ማህፀን ማውጣት» ተብሎ ለሁለት ሴቶች ሲጻፍ ምክንያቱ ለአንዷ የማይቆም ደም፣ ለሌላዋ ካንሰር ይሆናል።

ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም «ማህፀኗን ኦፕራሲዮን ሆነች» ተብሎ ወሬው እዚያው ያበቃል። ከጎረቤቷ ታሪክ ተነስታ የራሷን ቀጠሮ የምትፈራ፣ ወይም በተቃራኒው «እሷ አድርጋ ተገላገለች» ብላ የማያስፈልጋትን ኦፕራሲዮን የምትጠይቅ ሴት ብዙ ናት። የእነዚህን ቀዶ ሕክምናዎች ባሕርይ ለማወቅ ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ለምንድን ነው? ሲያበቃስ ውስጥ ምን መቅረት አለበት?

ስለ አካሉ ጥቂት

ያላረገዘች ሴት ማህፀን ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 60 ግራም ገደማ። ቅርጹ አንገቱ ወደ ታች እንደተደፋ ትንሽ ቅል ነው፤ ሰፊው ክፍል ከላይ፣ ጠባቡ ከታች። ጠባቡ ክፍል ብልት ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል፤ የማህፀን በር የሚባለው እሱ ነው። ከሰፊው ክፍል ግራና ቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። በየጫፋቸው አጠገብ እንቁላልና ሆርሞን የሚያመርቱት ኦቫሪዎች አሉ።

ለቀዶ ሐኪሙ ትልቁ ጉዳይ ጎረቤቶቹ ናቸው። የሽንት ፊኛ ከፊት ለፊት ተለጥፎ ተቀምጧል፣ ፊንጢጣ ከኋላ ነው። ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱት ሁለቱ ቱቦዎች ከማህፀን በር ጎን በ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከማህፀኑ ዋና የደም ሥር ሥር ያልፋሉ። ያንን የደም ሥር የሚቋጥር እጅ ትንሽ ከተሳሳተ የሽንቱን ቱቦ አብሮ ሊያስር ወይም ሊቆርጥ ይችላል። ማህፀን ማውጣትን ከባድ የሚያደርገው የማህፀኑ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ይህ ጉርብትና ነው።

ለማወቅ የሚሠሩት

አንዳንዱ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ለማከም ሳይሆን ለማወቅ ነው። ካረጠች አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናት ሴት እንደገና ደም ካየች፣ ጠብታ እንኳ ቢሆን፣ ከማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል መላክ አለበት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን የማህፀን ሽፋን ካንሰር የሚያሳየው የመጀመሪያ ምልክት ይኸው ደም ስለሆነ «የወር አበባዬ ተመለሰ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ናሙናው በቀጭን ቱቦ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሊወሰድ ይችላል። ካልሆነ የማህፀኑ በር ቀስ ተብሎ ሰፍቶ ሽፋኑ ይጠረጋል።

መጥረግ ሌላም አገልግሎት አለው። ፅንስ ወርዶ ቀሪው ሳይወጣ ሲቀርና ደም ሲበዛ ማህፀኑ መጽዳት ይኖርበታል። ቀድሞ ይህ የሚሠራው በብረት መጥረጊያ ነበር፤ አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በእጅ የሚሠራ መምጠጫ ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሰፊ የፕላስቲክ ሲሪንጅና ለስላሳ ቱቦ። መብራት አይፈልግም፣ ማህፀኑንም እንደ ብረቱ አይቧጭርም፤ ጤና ጣቢያ ድረስ መውረድ የቻለው በዚህ ነው።

ከዚህ ረቀቅ ያለው ሂስትሮስኮፒ ነው፤ ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ገብቶ ውስጡን በስክሪን ያሳያል። ወደ ውስጥ ያደገ ፖሊፕ ወይም ትንሽ ማዮማ ከተገኘ በዚያው መንገድ ተቆርጦ ይወጣል። ሆድ ላይ አንድም ስፌት አይኖርም።

ማዮማ፦ ብዙዎች ያላቸው፣ ጥቂቶች የሚታከሙለት

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ታዋቂ ጥናት 50 ዓመት ሳይሞላቸው ማዮማ የሚይዛቸው ጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ነጮቹ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። የብዙዎቹ ማዮማ ምንም ሳያሳይ ይኖራል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ላይ ማዮማ መታየቱ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም።

ምክንያት የሚሆነው ጉዳቱ ነው፤ ደም ማነስ እስኪያመጣ የሚበዛ የወር አበባ፣ ፊኛን ተጭኖ ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳ ክብደት፣ ወይም ሽል እንዳይቆይ የሚያደርግ አቀማመጥ። አቀማመጡ ከመጠኑ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ወደ ማህፀን ክፍተት የገባ 2 ሳንቲ ሜትር ማዮማ ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ወደ ውጭ ያደገ 8 ሳንቲ ሜትር ማዮማ ደግሞ ሴትየዋ ሳታውቀው ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሐኪሞች ሆድ በእጅ ዳብሰው የማህፀኑን ትልቅነት በእርግዝና ሳምንት ይለኩታል። «የ16 ሳምንት ያክላል» ሲሉ እርግዝና አለ ማለታቸው ሳይሆን ማዮማ የተሸከመው ማህፀን የአራት ወር ፅንስ የያዘ ያህል አብጧል ማለታቸው ነው።

ከቢላው በፊት መድኃኒት ይሞከራል፤ ደም የሚቀንስ ክኒን፣ የሆርሞን ሕክምና፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ፣ ለደም ማነሱ ብረት። እነዚህ ካልረዱ ሁለት መንገድ አለ። ልጅ የምትፈልግ ሴት ማዮማው ብቻ ይነቀልላታል። ሐኪሙ የማህፀኑን ግድግዳ ሰንጥቆ እጢውን ከሽፋኑ ፈልቅቆ ያወጣና ጉድጓዱን በንብርብር ይሰፋዋል። ሥራው ደም ያስወጣል፤ አንዳንዴ ከመንቀሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው መስፋቱ ነው። ሁለት ነገር አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፦ ከዓመታት በኋላ አዲስ ማዮማ ሊበቅል እንደሚችልና፣ ግድግዳው በጥልቀት ከተከፈተ የወደፊት ልጇን በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ሊወሰን እንደሚችል። መውለድ የጨረሰችና በደሙ የተሰቃየች ሴት ግን ማዮማውን ከነማህፀኑ ማስወጣትን ልትመርጥ ትችላለች። ማዮማው ላይመለስ የሚሄደው በዚህ ብቻ ነው።

ማህፀን ማውጣት

በአሜሪካ ለሴቶች ከሚሠሩት ትልልቅ ኦፕራሲዮኖች ማህፀን ማውጣት ከወሊድ ቀዶ ሕክምና ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ምክንያቶቹ ማዮማ፣ በመድኃኒት ያልቆመ ደም፣ የማህፀን መውረድ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ቲሹ ከማህፀን ውጭ ማደጉ) እና ካንሰር ናቸው። ወሊድ ላይ ደም አልቆም ብሎ የእናትየዋን ሕይወት ለማትረፍ በድንገት የሚሠራም አለ።

ሦስት መንገዶች አሉት። ሆድ ተከፍቶ፣ በብልት በኩል፣ ወይም ላፓሮስኮፕ በሚባለው ካሜራ። በብልት በኩል የሚሠራው ሆድ ላይ ጠባሳ አይተውም፣ ማገገሙም ፈጣን ነው፤ ማህፀኑ መጠነኛ ከሆነ ይመረጣል። የ16 ሳምንት ያህል ያበጠ ማህፀን ግን ብዙውን ጊዜ ሆድ ያስከፍታል። በላፓሮስኮፕ ሲሠራ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋና 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሱ ጥቂት ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ነቅታ ትከሻዋን ያመማት ሴት ልትደነግጥ አይገባም፤ የቀረው ጋዝ ከሆድና ከደረት መካከል ያለውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ከመንገዱ የበለጠ ወሳኙ የሚወጣው መጠን ነው። ማህፀኑ ከነበሩ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም ሰፊው ክፍል ብቻ ወጥቶ በሩ ይቀራል። በሩ የቀረላት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ምርመራዋን መቀጠል አለባት። ኦቫሪዎቹ ከቀሩ ሆርሞን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ፤ የወር አበባ ይቆማል እንጂ ሴትየዋ በማግስቱ አታርጥም፤ ማረጥ ከተጠበቀው ትንሽ ቀደም ብሎ ሊመጣ ግን ይችላል። ሁለቱም ኦቫሪዎች ከማረጥ በፊት ከወጡ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትኩሳት የሚመስል ሙቀት፣ ላብና የእንቅልፍ መረበሽ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ አጥንትና ልብም ከጊዜ በኋላ ይጎዳሉ። ስለዚህ ጤነኛ ኦቫሪ በወጣት ሴት ላይ ያለ በቂ ምክንያት አይነካም።

«ማህፀን ከወጣ ውስጡ ባዶ ይቀራል»፣ «ሴትነት ያልቃል» የሚሉ አባባሎች በብዙ ቤት ይሰማሉ። ባዶ ቦታ የለም፤ አንጀት ዝቅ ብሎ ይሞላዋል። የብልቱ ጫፍ በስፌት ተዘግቶ ይድናል፤ ስፌቱ ከዳነ በኋላ ግንኙነት ማድረግ ይቻላል። ለዓመታት ደምና ሕመም ያሰቃያት ሴት ብዙ ጊዜ የምትናገረው እፎይታን ነው። ልጅ ሳትጠግብ ያወጣች ሴት ኀዘንም እውነተኛ ነው፤ በ«ዋናው ጤናሽ ነው» ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

ኦቫሪ ላይ የሚሠራው

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1809 በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ኤፍሬም ማክዱዌል የተባለ ሐኪም ጄን ክሮፎርድ የተባለችን ሴት በቤቱ ሆዷን ከፈተ። መንታ ያረገዘች መስሏት ነበር። ያበጠ ሆዷን በኮርቻው ላይ አሳርፋ 60 ማይል በፈረስ ተጉዛ ነው የመጣችው። ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት የታየው ከ37 ዓመት በኋላ ስለሆነ ያን ቀን ምንም አልነበራትም። ሐኪሙ በ25 ደቂቃ ውስጥ ከኦቫሪዋ የበቀለ 10 ኪሎ ገደማ እጢ አወጣላት። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች። ሆድ ተከፍቶ ሰው መዳን እንደሚችል ካሳዩት የመጀመሪያ ታሪኮች አንዱ የማህፀን ሕክምና ታሪክ ነው።

ዛሬ ኦቫሪ ላይ የሚታየው ሲስት፣ ማለትም ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢላ አይፈልግም። በወር አበባ ዑደት የሚፈጠረው በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ራሱ ስለሚጠፋ ሐኪሙ ድጋሚ አልትራሳውንድ ይቀጥራል። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ሲስቱ አልጠፋ ሲል፣ ሲያድግ፣ ውስጡ ጠጣር ነገር ሲኖረው ወይም ሴትየዋ ካረጠች በኋላ ሲገኝ ነው። አንዱ ዓይነት፣ ደርሞይድ የሚባለው፣ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ሁሉ ያስደነግጣል፤ ቅባት፣ ጸጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ አለበት። ሰው ያደረገባት ነገር አይደለም፤ ከእንቁላል ሴሎች የሚያድግና በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ወጣት ሴት ላይ ሲስቱ ብቻ ተፈልቅቆ ኦቫሪው ይተርፋል።

ሲስት የያዘ ኦቫሪ በራሱ ግንድ ላይ ሲጠማዘዝ ግን ጊዜ የለም። ደሙ ተቋርጦ ኦቫሪው መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ ከባድ የአንድ ወገን ሕመምና ማስመለስ ያጋጠማት ልጅ ወይም ወጣት በሰዓታት ውስጥ ከተሠራላት ኦቫሪዋ ተፈትቶ ሊተርፍ ይችላል።

ከማህፀን ውጭ እርግዝና

ከ100 እርግዝናዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ይቀመጣሉ፤ ከእነዚህም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው አይለጠጥምና ይፈነዳል፣ ሆድ ውስጥ ደም ይፈሳል። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት የአንድ ወገን ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ወይም የትከሻ ሕመም ከገጠማት ሆስፒታል መሄድ የሚባለው ዛሬ ነው፣ ነገ አይደለም። እንግሊዛዊው ሎውሰን ቴት እ.ኤ.አ. በ1883 የተቀደደውን ቱቦ አውጥቶ ሴትን እስካዳነበት ጊዜ ድረስ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሞት ፍርድ ነበር።

ገና ሳይፈነዳ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሳት በተባለ መርፌ ሊታከም ይችላል። ከፈነዳ ቱቦው ይወጣል። በቀረው ቱቦ ማርገዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ነገሩ ሊደገም ስለሚችል በሚቀጥለው እርግዝና አልትራሳውንድ ቀድሞ መነሳት አለበት።

ማህፀን ሲወርድ

ማህፀን የሚንጠለጠለው በጅማት፣ የሚቀመጠውም በዳሌ ጡንቻ ላይ ነው። ብዙ ወሊድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ዕድሜ፣ የማይለቅ ሳልና ከባድ ሸክም ይህን መደገፊያ ያላላሉ። በገጠር ለዓመታት ጀሪካን ውሃና የማገዶ ጭነት የተሸከመች እናት፣ ከወለደች በሳምንቱ ወደ ሥራ የተመለሰች እናት፣ ከብልቷ የሚወጣ ነገር ሲሰማት ለባሏም ለልጆቿም አትናገርም። ብዙዎች ለሐኪም የሚታዩት ማህፀኑ ከውጭ ወጥቶ፣ ልብስ ፈትጎት ከቆሰለ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይረዳል። ብልት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከሲሊኮን የተሠራ ፔሳሪ የሚባል ቀለበትም አለ፤ እየታጠበ ይመለሳል፣ ኦፕራሲዮን ለማትፈልግ ወይም ለማትችል ሴት ጥሩ መፍትሔ ነው። ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ በብልት በኩል ይወጣና የላላው የብልት የፊትና የኋላ ግድግዳ ይጠገናል፤ ማህፀኑን ሳያወጡ በጅማት ላይ መስቀልም ይቻላል። ማህፀኑን አውጥቶ ግድግዳውን ሳይጠግኑ መተው ግን ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የወረደው መደገፊያው ስለላላ ነውና።

የማህፀን በር፦ ትንሿ ሕክምና

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚታይ ካንሰር ነው። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ 16 እና 18 የተባሉት ሁለት ዓይነቶቹ ብቻ ከበሽታው 70 በመቶ ገደማ ተጠያቂ ናቸው። መልካሙ ዜና የጊዜው ርዝመት ነው፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤችአይቪ ላለባት ሴት ሕክምና ካልጀመረች ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በዚህ መካከል ያለውን ለውጥ አግኝቶ ማጥፋት ቀላል ነው።

በብዙ ጤና ተቋማት የሚሠራው ምርመራ እንዲህ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ ኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘውን አሲድ በጥጥ የማህፀን በር ላይ ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በ100 ዲግሪ በሚግል ጫፍ በሰከንዶች ውስጥ ይተኮሳል፣ ወይም በብርድ ጋዝ ይቀዘቅዛል። ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ሊፕ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይቆርጣል፣ ቁራጩ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል። ማህፀኑ በቦታው ነው፣ ልጅ መውለድም ይቻላል። ወደ ካንሰር ካለፈ ግን ማህፀኑ ከአጎራባች ቲሹውና ከእጢ አንጓዎቹ ጋር የሚወጣበት ትልቅ ኦፕራሲዮን፣ ከዚያም ከገፋ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይከተላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን ጀምራለች፤ ክትባቱ ግን ምርመራን አይተካም። ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው ከ25 ጀምሮ ሊታዩ ይገባል።

ፊስቱላ፦ የሚዘጋው ቀዳዳ

ምጥ ሲገታና ወደ ሆስፒታል መድረስ ሳይቻል ቀናት ሲያልፉ፣ የሕጻኑ ራስ የሽንት ፊኛን ከእናቱ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫናል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ከቀናት በኋላ ይላቀቃል፤ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕጻኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቱም በጠረኗ ምክንያት ከባሏና ከሰው ትርቃለች።

የጥገናው ታሪክ ክብርም እፍረትም አለበት። አሜሪካዊው ጄ. ማሪዮን ሲምስ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ ግዛት ዘዴውን ያዳበረው አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ በተባሉ ጥቁር ባሪያ ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቁረጥ ነው፤ አናርካን ብቻ 30 ጊዜ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ሐውልቱን ከሴንትራል ፓርክ አንስታለች፤ ብልትን ከፍቶ ለማየት የሠራው መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ በየኦፕራሲዮን ክፍሉ አለ።

በኢትዮጵያ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ፤ የፊስቱላ ሕመምተኞችን አይተው ቀሩ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ተከፍተዋል። በሽተኛ ሆና ገብታ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት በእጅ ሥራ ሰልጥና የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም የሆነችው ማሚቱ ጋሼ የዚያ ሆስፒታል ታሪክ አካል ናት።

ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው በብልት በኩል ነው። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማየት ፊኛው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይገባል፤ ሐኪሙ ጠባሳውን ፈልፍሎ ፊኛውን ከብልቱ ግድግዳ ይለያል፣ ሳይወጥር ይሰፋዋል፤ ሰማያዊው ዳግም ተሞልቶ ካልፈሰሰ ስፌቱ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ የሽንት ካቴተር ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ካቴተሩ ተዘግቶ ፊኛው ከተሞላ ስፌቱ ይፈታልና ነርሶቹ ቀንም ሌሊትም የሚያዩት ሽንቱ መንጠባጠቡን ነው።

ማስቋጠር

ጤነኛ አካል ላይ በሴትየዋ ፍላጎት ብቻ የሚሠራ ኦፕራሲዮንም አለ፤ ቱቦ ማስቋጠር። ቋሚ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት፤ ማስመለሱ ከባድና ያልተረጋገጠ ነው። በጣም አልፎ አልፎ ሊሳትም ይችላል፤ ከ1,000 ሴቶች 5 ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ሊያረግዙ ይችላሉ። አንዳንድ የኦቫሪ ካንሰር ከቱቦ እንደሚነሳ ስለታወቀ፣ አሁን በብዙ አገር ቱቦው ከመቋጠር ይልቅ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

ከመግባቷ በፊት፣ ከወጣች በኋላ

ኦፕራሲዮኑ ትልቅም ሆነ ትንሽ ቅድመ ዝግጅቱ አንድ መስመር ይከተላል። ደም ማነስ ካለ ብረት ይሰጣል፣ ከባድ ከሆነ ደም ይዘጋጃል። ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ በጀርባ የሚወጋው ነው፤ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፣ ሴትየዋ ነቅታ ትሰማለች። ላፓሮስኮፒ ግን ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ለውጭ ሰው የማይታይ ሥራ አለ። ለሐኪሙ መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ ጎዙንና መርፌውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሁለተኛዋ ነርስ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ሆዱ ሊዘጋ ሲል ቆጠራው ይደገማል፤ አንድ ከጎደለ ሆዱ አይዘጋም። ይህን የመሰሉ 19 ነጥቦችን የያዘ የጥንቃቄ ዝርዝር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥቷል።

ሆድ ተከፍቶ ማህፀን የወጣላት ሴት ስድስት ሳምንት ገደማ ማረፍ አለባት፤ በብልት ወይም በካሜራ ከሆነ ያጥራል። በማግስቱ ተነስቶ መራመድ ግዴታ ነው፤ እግር ውስጥ የሚረጋ ደም የሚከለከለው በመራመድ ነው። ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ረጅም መቆም፣ ልብስ መጭመቅ፣ ልጅ ማዘል መቅረት አለበት። ቤተሰቡ ይህን ካልያዘላት ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ደም መብዛት፣ የእግር ማበጥ ወይም ከብልት የሚፈስ ሽንት ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ያስፈልጋል።

ከመፈረሟ በፊት ሐኪሙን ልትጠይቀው የሚገባት ብዙ አይደለም፦ ይህ ለምን ያስፈልጋል? በመድኃኒት ወይም በመጠበቅ አይሆንም? ምን ይወጣል፣ ምን ይቀራል? ኦቫሪዬ ይነካል? የማህፀኔ በር ይቀራል? መውለድስ እችላለሁ? ለእነዚህ በቀላል ቋንቋ መልስ ማግኘት መብቷ ነው፤ ድንገተኛ ካልሆነ ለማሰብ ጊዜ መጠየቅም እንደዚሁ።

ስትወጣ ደግሞ ሁለት ወረቀት ሳትይዝ ከሆስፒታሉ መውጣት የለባትም፤ ምን እንደተሠራ የሚገልጸውን የኦፕራሲዮን ማጠቃለያና የፓቶሎጂውን ውጤት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም «ማህፀንሽ ወጥቷል» ከሚለው ቃል ብቻ በሩ መቅረቱን፣ ኦቫሪው መኖሩን፣ የተገኘው ካንሰር ይሁን አይሁን ሊያውቅ አይችልም። የሚያስፈልጋትን ምርመራ የሚወስነው ግን ይኸው መረጃ ነው።